ስለ ሞተር ብስክሌት ቤንዚን መፍሰስ

ቤንዚን ከሞተር ብስክሌት ሥር ሲንጠባጠብ ብዙ ሰው ቀዳዳውን ጠብታው ከወደቀበት በላይ ይፈልጋል። ነገር ግን ቤንዚን የማጠራቀሚያውን (ጠጋኞች ሰልባቲዮ የሚሉትን) ሆድ ተከትሎ ርቆ ስለሚወርድ ፈላጊውን ያሳስተዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ሞተሩን አጥፍቶና አብርዶ፥ ከቤት ውጭ፥ ከምድጃና ከፋኖስ አርቆ፥ ብረቱን በጨርቅ ማድረቅ፤ ቀጥሎም የተፈጨ ጠመኔ መነስነስ ይገባል። ጠመኔ በትምህርት ቤት አይታጣም። ዱቄቱ መጀመሪያ የረጠበበት ሥፍራ ምንጩ እርሱ ነው።

እርጥበቱ ከጎማ ቱቦው ቢታይ ሥራው ቀላል ነው፤ ያረጀውን ጎማ መለወጥ ይበቃል። ከብረቱ ከራሱ ቢሆን ግን ዝገቱ አብዛኛውን ጊዜ የመጣው ከውስጥ ነው፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ በሥር ተኝቶ ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በስንጥቁ አፍ ደረቅ ሳሙና ቢያሹበት ለጥቂት ጊዜ ይደፍነዋል፤ ሳሙና በቤንዚን በቶሎ አይሟሟምና። ሰም ግን ይሟሟል።

ታላቁ አደጋ በብየዳ ጊዜ ነው። ባዶው ማጠራቀሚያ ከሙሉው ይልቅ ያስፈራል፤ በውስጡ የቀረው ተን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳልና። አንድ ጊዜ በውሃ ማለቅለቅም አያድንም፤ በዝገቱ ውስጥ የተደበቀው ቤንዚን በእሳቱ ሙቀት እንደገና ይተናል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። እስኪጠገን ድረስም ብስክሌቱ ሰው በሚያድርበት ቤት መግባት የለበትም፤ የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ተስቦ እስከ ምድጃው ይደርሳል።