ከግድቡ እስከ ማጀቱ

አቅራቢ 1፦ እህቴ፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ከጋሞ ዞን ብዙም ሳይርቅ ኦሞ ወንዝ ላይ ያለው ጊቤ 3 ብቻውን 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ብዙ አገሮች ከድንጋይ ከሰል ለመላቀቅ ሲታገሉ እኛ ንጹሑን ኃይል ይዘናል።

አቅራቢ 2፦ እውነት ነው ወንድሜ። ግን ከአርባ ምንጭ ሥር ያለውን የነጭ ሳር ፓርክ ደን እንመልከት። እናቶች ለዓመታት ማገዶ ተሸክመው የወጡት ከዚያ ነው። ወደ ጨንቻና ዶርዜ ደጋ ስንወጣም ምግብ በአብዛኛው የሚበስለው በእንጨት ነው። ግድቡ ንጹሕ ሆኖ ማጀቱ በጭስ ከታፈነ ወደ ንጹሕ ኃይል የሚደረገው ሽግግር ገና መንገድ ላይ ነው።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋቱ ብቻውን ይበቃል?

አቅራቢ 2፦ አይበቃም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ቢሆን 350 ያበራል። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋግር ትራንስፎርመሩ ይጨናነቃል። ስለዚህ ሙቀት የማያባክን ምጣድ መሥራት ኃይል እንደማመንጨት ይቆጠራል።

አቅራቢ 1፦ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ የተገባ ነው። መስመር ለሚርቃቸው የተራራ ቀበሌዎችም ፀሐይና ትንንሽ ወንዞች አሉ።

አቅራቢ 2፦ እንግዲህ ከሜጋዋቱ እኩል፣ ስንት እናቶች ከማገዶ ሸክም አረፉ ብለን እንቁጠር።