እንጦጦን በእግር እንዙር፤ ማንንም ወደ ኋላ ሳንተው

(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር ነው። መምጣት ላልቻላችሁ ይኸው፤ አንብባችሁ ለጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉት።)

 

ስለ ቅዳሜው የእንጦጦ ጉዞ እንድናገር ተመድቤያለሁ። አንዳንዶቻችሁ «ለእግር ጉዞ ደግሞ ንግግር ምን ያደርጋል? ተነስቶ መሄድ ነው እንጂ!» እንደምትሉ አውቃለሁ። እሺ፣ እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ዓድዋ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ጋሻው፣ ፈረሱ፣ ድሉ። ያ ሠራዊት ግን እዚያ የደረሰው ወራት በእግሩ ተጉዞ ነው። በሶውና ቆሎው ተሰናድቶ፣ በቅሎው ተጭኖ፣ ውሃ ያለበት ማደሪያ ታስቦ። ስንቅ ባይኖር ጀግንነቱ መንገድ ላይ በቀረ ነበር። እኛ ፌስቡክ ላይ ሁላችንም ጀግኖች ነን። ሃምሳ ሰው ስድስት ኪሎ ሜትር አዙረን ሁሉንም በሰላም ወደ ቤቱ መመለስ እንችላለን ወይ? ቅዳሜ የሚታየው እሱ ነው።

(ስድስት ኪሎ ስል ሰፈሩን አይደለም፤ እዚያማ ተመላልሰን ጫማ ጨርሰናል።)

እንጦጦን የመረጥነው ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አካባቢ ከመቆርቆሯ በፊት ምኒልክና ጣይቱ የተቀመጡት እዚያ ላይ ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡትም በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥቱን ያላያችሁ ስታዩት ትገረማላችሁ፤ ጭቃና እንጨት ነው፣ ብዙ የሚያብለጨልጭ ነገር የለውም። ዙሪያውን የምታዩት ባሕር ዛፍ ደግሞ የአገራችን አይደለም፤ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ከተማዋ አገር በቀሉን ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ጨርሳ ስትቸገር ነው በምኒልክ ዘመን የተተከለው። ይህን በመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ ጥድና ባሕር ዛፍ ጎን ለጎን ቆመው ማየት ግን ሌላ ነው። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ከተከፈተ ወዲህ የተነጠፈ መንገድ፣ የእግር መሄጃና ማረፊያ አለው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ በቅርብ አናገኝም።

አሁን ወደ መንገዱ። ዙሪያ መንገድ ነው የምንሄደው፤ በአንዱ ወጥተን በሌላው እንመለሳለን። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ያየነውን ደግመን አናይም፣ መነሻችን ላይ እንጨርሳለን። ችግር ግን አለው። ግማሹን ካለፋችሁ በኋላ የደከመው ሰው «ልመለስ» ቢል መመለሱም መቀጠሉም እኩል ይሆንበታል። ስለዚህ መሃል ላይ ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣ ማቋረጫ የሌለው ዙሪያ አንመርጥም። ሦስት ልጆች ሐሙስ ቀድመው ሄደው መንገዱን ይረግጡታል። በስልክ ይለካሉ፣ ማቋረጫውን ያያሉ፣ ጥላ ያለበትን ማረፊያና ሽንት ቤቱን ያጣራሉ። ካርታ ላይ ጣት መጎተት በቂ አይደለም፤ ዝናብ የበላው መንገድ ካርታ ላይ አይታይም።

ዳገቱን መጀመሪያ፣ ቁልቁለቱን መጨረሻ። ጠዋት እግርም ትኩስ ነው፣ ፀሐይም ገና ናት። ከፍታውን አትናቁት፤ ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። እዚህ የኖርን ሰዎች እንኳ ደረታችን ያፍናል፤ ከድሬዳዋ የመጡ ሁለት እንግዶች አሉን፣ የእነሱን አስቡት። ሯጮቻችን እዚያ የሚሰለጥኑት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። እኛ ልንሯሯጥ አይደለም የምንሄደው። ሜዳ ላይ ሰው በሰዓት አራት አምስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ እዚያ ሦስት ብላችሁ ያዙ። ከነ ዕረፍቱ ሦስት ሰዓት ተኩል።

አሁን ዋናው። በድሮው ሰልፍ ፊታውራሪ ከፊት ይሄዳል፣ ደጀን ከኋላ ይጠብቃል። እኛ ዘንድ ምን ሆነ መሰላችሁ? ለፊታውራሪነት አሥራ አንድ ሰው ተመዘገበ። ለደጀንነት ማንም የለም! ከፊት የሚሄደው ፎቶ ላይ ይወጣል እኮ፣ ይገባኛል። ግን ጉዞውን የሚይዘው የኋላው ነው። ደጀን ማንንም ቀድሞ አይሄድም፤ የታመመ ቢኖር አብሮ ይቀመጣል፣ ጫማዋ የተበጠሰባት ልጅ ብትኖር አብሮ ይጠብቃል። ፊታውራሪው ደግሞ በየመታጠፊያው ቆሞ ደጀኑን በዓይኑ ሳያይ አይንቀሳቀስም። ሲደርሱ ወዲያው ተነስቶ መሄድ የለም፤ መጨረሻ የደረሰው ሰውም እንደ ሌላው ይረፍ። ፍጥነታችን የመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው፤ በቃ።

ስለ ገንዘብም በግልጽ እናውራ። እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን ዲግሪያችንን ይዘን ቤት የተቀመጥን ነን። ባለፈው ፕሮግራም አራት አምስት ልጆች «ቅዳሜ ሥራ አለኝ» ብለው ቀሩ። ሥራ የሌለው ልጅ ሥራ አለኝ ካለ የታክሲ ሳንቲም የለውም ማለት ነው፤ እርስ በርስ አንሸዋወድ። ስለዚህ ዛሬ ፖስታ ይዞራል። ያለው ይጨምራል፣ የሌለው አሳልፎ ይሰጣል፤ ማን ምን እንዳደረገ የሚያይ የለም። የሁሉም መጓጓዣና የፓርኩ ወጪ ከዚያ ይከፈላል። ካፌ አንገባም። ቆሎ፣ ዳቦ፣ በሶ ከቤት ይመጣል፣ አንድ ላይ ይቀርባል። ውሃ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል፤ ላስቲኩንም ይዘን እንመለሳለን። የሚጾም ካለ ስንቁ ውስጥ የጾም ይኑር። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም ለዙህር እንዲደርሱ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ጨርሰን እንወርዳለን።

«ቲሸርት አሠርተን፣ መፈክር ይዘን» የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። እኔ አልደግፍም። ሰልፍ አይደለም። ቤተሰብ የሚዝናናበት ቦታ ላይ ሃምሳ ወጣት እየጮኸ ሲገባ ሰው ይደነግጣል፤ ጥበቃውም ሥራ ይበዛበታል። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ድምፅ ይቀነስ፣ ሰው ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ።

በተለይ ደግሞ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ካጋጠሙን። እኛ ለመዝናናት የምንወጣውን ዳገት እነሱ ለዕለት ጉርስ ይመላለሱበታል። ከመንገዱ ወጥታችሁ አሳልፏቸው፣ «በርቱ እማዬ» በሉ። ካሜራ አታዙሩባቸው። አገር እንወዳለን የምንል ልጆች የእነሱን የጎበጠ ጀርባ ለላይክ ብንለጥፍ ያሳፍራል።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሽሮ ሜዳ ታክሲ መያዣው ጋ። 1 ከ30 ላይ እንነሳለን፤ የሐበሻ ሰዓት ብላችሁ 2 ሰዓት ብትመጡ አታገኙንም። ሶላቸው ያላለቀ፣ እግር የሚይዝ ጫማ አድርጉ፤ አዲስ ጫማ ግን ያቆስላል። ሹራብ ያዙ፣ ስልክ ሙሉ ቻርጅ ይሁን። ማታውን ከባድ ዝናብ ከጣለ መንገዱ ስለሚያንሸራትት ለሳምንት እናስተላልፋለን፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቴሌግራም እዩ። አስም ወይም የልብ ችግር ያለበት ለብቻው ይንገረኝ፣ በእኔ ይቀራል።

ፖስታው ከዚህ ጥግ ይጀምር። ለደጀንነት ሦስት ሰው እፈልጋለሁ፤ እስቲ እጅ አውጡ።