ግመል ከግመል፣ በቅሎ ከበቅሎ፦ ስለ ውድድር መኪና አሠራርና አመዳደብ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



የሰፈራችን ልጆች አንዲት አሮጌ ፔጆ 404 ለአማተር ውድድር እናዘጋጃለን ብለው ሲነሡ፣ «ልጆቻችንን ልታስጨርሱ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጋራዥ የምንውል አባላት መልሱን ይዘን ቀርበናል።

ነገሩ ለጀልዴሳ እንግዳ አይደለም። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት፣ ከዘይላ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ማረፊያው እዚሁ ነበር። በረሃውን ያቋረጠው ግመል ጭነቱን እዚህ ያራግፋል፤ የሐረርን ዳገት በቅሎና አህያ ይረከቡታል። ግመልን ከበቅሎ ጋር ዳገት ላይ አሽቀዳድሞ «በቅሎ በለጠች» የሚል ቢገኝ ይሳቅበት ነበር። የውድድር ምድብ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ እኩያ ከእኩያው ይሮጣል።

ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የሞተሩ መጠን ነው፤ እስከ 1300፣ እስከ 1600፣ እስከ 2000 ሲ.ሲ. እየተባለ ይከፈላል። ቀጥሎ የለውጡ መጠን ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1982 በሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ ደንብ ምድብ ኤን ከፋብሪካ እንደወጣች ለቀረች መኪና፣ ምድብ ኤ ደግሞ ሰፋ ያለ ለውጥ ለተደረገባት ነበር።

አሁን ወደ ፔጆአችን እንምጣ። የ404 ሞተር 1618 ሲ.ሲ. ነው። «አቦ፣ 18 ሲ.ሲ. ምን አላት!» ትሉ ይሆናል። በዚህች 18 ግን ከ1600ዎቹ ወጥታ ከ2000ዎቹ ጋር ትሰለፋለች። የቮልስዋገን 1600 ሞተር ደግሞ 1584 ነው። ሲሊንደሩ ከ85.5 ወደ 86 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ 1603 ይሆንና እሷም ምድቧን ትስታለች። ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት ይህን ሁሉ የምታመጣው! ስለዚህ መፍቻ ከመነሣቱ በፊት ደንቡ ይነበብ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና።

«ማን ከፍቶ ያያል?» የሚል ልጅም አለ። ይታያል፤ ተቆጣጣሪዎች ከውድድር በኋላ ሞተር አስከፍተው ይለካሉ። ባይታይስ? የጎረቤቱን ልጅ ድካም መስረቅ አይደለም ወይ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። መኪና ስትገለበጥ ጣሪያው ሾፌሩ ላይ እንዳይወድቅ ከውስጥ የቱቦ ብረት ማቀፊያ ይሠራላታል። ዓለም አቀፉ ደንብ የሚፈልገው የጎን ብየዳ የሌለው የካርቦን ብረት ቱቦ ነው፤ ዋናው ቅስት 45 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.5 ውፍረት፣ ወይም 50 በ2 ይሆናል። እግሩ የሚያርፍበትም ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ይደረግለታል፤ አለዚያ ስሱን ላሜራ በስቶ ይወጣል። የውሃ ቧንቧ በይዞ «ይበቃል» ማለት ግን ሰውን ማታለል ነው። ለውሃ የተሠራ ቧንቧ የሰው ነፍስ አይሸከምም።

ጉልበት ብቻውን እንደማያሸንፍም እንወቅ። እ.ኤ.አ. በ1963 በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ 84 መኪኖች ተነሥተው መጨረሻው የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። ያሸነፈችው ይህችው ፔጆ 404 ናት፤ ነጂዎቹ ኒክ ኖዊኪና ፓዲ ክሊፍ። በ1968ም እንደገና 7 ብቻ ሲደርሱ፣ እነዚሁ ሰዎች በዚሁ ዓይነት መኪና አሸነፉ። ጭቃውንና ድንጋዩን ችሎ መድረስ ነበር ቁም ነገሩ።

ስለዚህ ከልጆቹ ጋር በሦስት ነገር ተስማምተናል። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ገንዘብ ለፍሬን፣ ለቀበቶ፣ ለእሳት ማጥፊያና ለቱቦው ማቀፊያ ይውላል፤ ሞተሩ ተራውን ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ የተለወጠው ዕቃ ሁሉ ከነልኩ በደብተር ይጻፋል፤ ደብተሩን ማንም ጠይቆ ያያል። ሦስተኛ፣ ፍየልና ግመል በሚያቋርጡት፣ ሕፃናት ትምህርት ቤት በሚሄዱበት በድሬዳዋ መንገድ ላይ እሽቅድምድም የለም። ውድድር የሚደረገው በተዘጋና ተቆጣጣሪ ባለበት ሜዳ ብቻ ነው።

ወላጆች፣ ከሦስቱ አንዱ ሲጣስ ካያችሁ መጥታችሁ ንገሩን። መኪናዋን የምናቆማት እኛው ነን።