ነፍሰ ጡር እናትና ኮሶ

እናቶች ሆይ፤ አባቶችም አብራችሁ ስሙ።

ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ኮሶ የማያውቅ ቤት የለም። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ የሴቴውን ዛፍ አበባ አድርቀው፥ ወቅጠው፥ በውሃ ወይም በጠላ በጥብጠው በባዶ ሆድ ይጠጡት ነበር። ትሉን እንደሚያስወጣ አንክድም። ነገር ግን ጠጪውን እንዴት እንደሚያንገላታው የጠጣ ያውቀዋል፤ ያስመልሳል፥ ያስቀምጣል፥ ጉልበት ይነሣል። ለወንዱ የአንድ ቀን መከራ ነው፤ ማግስቱን ይረሳዋል። ለነፍሰ ጡር ግን እንዲህ አይደለም፤ ኮሶ ፅንስ ሊያስወርድ እንደሚችል ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ደግሞም አንድ እፍኝ አበባ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚለካ ሚዛን በማንም ቤት የለም።

«ታዲያ ትሉ ሆዴ ውስጥ እያለ ልውለድ ወይ?» የምትል እናት ትኖራለች። አዎን፥ ብዙ ጊዜ ይቻላል። የኮሶ ትል ብዙ ሜትር ቢረዝምም በድንገት የሚጥል በሽታ አይደለም። ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ይህን ያህል ወሬ ነው» ብላችሁ ንገሩ። ሐኪሙ አይቶ የሚስማማ መድኃኒት ይሰጣል፥ ወይም ከወሊድ በኋላ ይሁን ይላል።

ከሱቅ የሚገዛውም ክኒን ቢሆን ያው ነው። ቴትራሳይክሊን የሚባለውን ካፕሱል ብዙ ሰው ለቁስልም ለሆድም ይውጠዋል። እርግዝናው ከተጋመሰ በኋላ የወሰደች እናት ግን የልጇ የወተት ጥርስ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ሊበቅል ይችላል።

በሌላ ወገን ደግሞ «አርግዣለሁና» ብላ የሚጥል በሽታ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒቷን በራሷ የምታቆም አለች። ይህም እናቲቱንም ልጁንም ይጎዳል። ሳትጠይቁ አትጀምሩ፤ ሳትጠይቁም አታቁሙ። ለደም ማነስ የሚሰጠውን የብረት ክኒን፥ ሰገራ አጠቆረ ብላችሁ አትጣሉት፤ ማጥቆሩ ጠባዩ ነው።

የምታጠባ እናት የምትውጠው መድኃኒት ጥቂቱ በወተቷ ወደ ሕፃኑ ያልፋል። አብዛኛው አይጎዳውም፤ ስለዚህ ጡት አትከልክሉት። ነገር ግን ገና ወራት ያልሞላው ሕፃን ጉበቱም ኩላሊቱም አልጠነከረምና፥ መድኃኒት ሲሰጧችሁ «አጠባለሁ፤ ልጄ ይህን ያህል ጊዜው ነው» ማለትን አትርሱ።

ከሁሉ የሚሻለው ትሉን ከቤት ማስቀረት ነው። ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፤ የትሉ ዕንቁላል ሣሩ ላይ ይቀራል፤ ከብቱ ይግጠዋል፤ ትሉም በሥጋው ውስጥ ሆኖ ጥሬ ሲበላ ወደ ሰው ይመለሳል። እንግዲህ አባቶች ሽንት ቤት ቆፍሩ፤ ሥጋውም ቀዩ እስኪጠፋ ይብሰል። ክትፎ ወዳጆች ይህን ስትሰሙ ፊታችሁ እንደሚጠቁር አውቃለሁ፤ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው።

ኮሶ ጠጥታ ደም የታያት ወይም ሆዷን አጥብቆ የሚቆርጣት ነፍሰ ጡር ካለች ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ተሸክማችሁም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ አድርሷት፥ የጠጣችውንም ሳትደብቁ ንገሩላት።