የካማይሺ ልጆችና የባሕር ዳር ትምህርታቸው



በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ ሳንሪኩ በሚባለው ጠረፍ፣ በብረት ሥራና በዓሣ ማጥመድ የታወቀች ካማይሺ የምትባል ከተማ አለች። ተራራው ከባሕሩ እጅግ ተጠግቶ የቆመ በመሆኑ ሕዝቡ የሰፈረው በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ሜዳ ላይ ነው። በዚያ ጠረፍ እ.ኤ.አ. በ1896 የደረሰው ሱናሚ 22,000 ያህል ሰው ፈጅቷል፤ በ1933ም ሌላ ተከትሏል።

መሐንዲሶች ለዚህ የሰጡት መልስ ታላቅ ነበር። በወደቡ አፍ፣ 63 ሜትር ከሚጠልቅ የባሕር ወለል ተነሥቶ የሚቆም የማዕበል መከላከያ ግንብ እ.ኤ.አ. በ1978 ተጀምሮ በ2009 ተፈጸመ፤ በጥልቀቱም በዓለም አቻ ያልተገኘለት ተባለ። ይህን የመሰለ ግንብ ቆሞ ሳለ ልጆችን ስለ ባሕር ቁጣ ማስተማር ለምን ያስፈልጋል ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር የሚፈረድበት አይደለም።

በዚያን ጊዜ የጉንማ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ቶሺታካ ካታዳ፣ ራሳቸውም የምሕንድስና ሰው ሲሆኑ፣ የፈሩት ይህንኑ ጥያቄ ነበር። ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር ሰው ይዘናጋልና። ስለዚህ ከከተማይቱ መምህራን ጋር ሆነው ትምህርቱን ከክፍል አወጡት። ልጆቹ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ በእግራቸው እየተጓዙ፣ ከዚህ ስፍራ ብንገኝ ወደየት እንሮጣለን፣ ወደ ከፍታ የሚያወጣው የትኛው ነው እያሉ ካርታውን በገዛ እጃቸው ሠሩ። ሂሳቡም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ጥልቀቱ 10 ሜትር በሆነ ባሕር ላይ ሱናሚ በሴኮንድ 10 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይኸውም መቶ ሜትርን በ10 ሴኮንድ ከሚጨርስ ሯጭ ጋር እኩል መሆኑ ነው። ቁጥሩ በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ቁጥር ብቻ ነው፤ ዳገቱን ወጥቶ ትንፋሹ የተቆራረጠ ልጅ ግን ውኃውን አይቶ መሮጥ እንደማያዋጣ ይገባዋል። በአገራችን በደረቅ ወንዝ ዳር ያደገና ደራሽን የሚያውቅ ሰውም ይህን አይስተውም።

ካታዳ ካስተማሩት ሁሉ ለመሐንዲስ ጆሮ የሚከብደው አንድ ነገር ነበር፤ በአደጋ ካርታ ላይ የተሰመረውን መስመር አትመኑ ማለታቸው።

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011) ከቀትር በኋላ በጃፓን ሰዓት 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ምድር ተናወጠች። በከተማይቱ ኡኖሱማይ ሰፈር አንድ የአንደኛ ደረጃና አንድ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ነበሩ፤ በካርታውም ሁለቱ ከአደጋው ክልል ውጭ ነበሩ። ታላላቆቹ ወዲያው መሮጥ ጀመሩ። ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጥተው የነበሩት ታናናሾች ይህን አይተው ወርደው ተከተሉ። መጀመሪያ የደረሱበት የአረጋውያን መጦሪያ ጀርባው ገደል እየተናደ ስለነበር በዚያ አልቆዩም፤ ታናናሾቹን እጃቸውን ይዘው ወደ ሌላ ከፍታ፣ ከዚያም ይበልጥ ወደ ላይ ወጡ። ማዕበሉ ሲደርስ በአንደኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ መኪና ሰክቶ ሄደ።

በዚያን ዕለት የካማይሺ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ ቀደም ብለው ተለቀው ስለነበር ብዙዎቹ በየቤታቸውና በየጨዋታው ስፍራ ነበሩ፤ መምህር አጠገባቸው አልነበረም። 184ቱም ተረፉ።

ታላቁ ግንብ ፈረሰ። በኋላ በተደረገው ስሌት ውኃውን 6 ደቂቃ ያህል አዘግይቷል፣ ከፍታውንም ቀንሷል፤ ስለዚህ ከንቱ ነበረ ማለት ግፍ ነው። ስድስቱ ደቂቃ ግን የሚጠቅመው ዳገት ለጀመረ ሰው ነው።

የዜና ሰዎች የልጆቹን መትረፍ ተአምር አሉት። ቃሉ አይመጥንም፤ በዚያው በኡኖሱማይ ከ160 በላይ ሰዎች ሳይሞቱ እንዳልቀረ በሚገመትበት አንድ ባለ ሁለት ፎቅ የሰፈር ሕንፃ ነበርና። ሕንፃው ለሱናሚ መሸሻ የተመደበ አልነበረም። ነገር ግን ቅርብና ምቹ በመሆኑ ቀደም ሲል ልምምዱ ይደረግ የነበረው በዚያ ነበር፤ ሰዎቹም በልምምድ ወደሚያውቁት ሄዱ።

ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በነበሩበት ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ራግቢ ዋንጫ ግጥሚያ የተደረገበት ስታዲየም ቆሟል። ትምህርት ቤቶቹ ኮረብታ ተቆርጦ በተደለደለ ከፍተኛ ስፍራ እንደገና ተሠርተዋል፤ ተማሪዎቹ ወደ ክፍላቸው የሚደርሱት ረጅም ደረጃ ወጥተው ነው።