የጋራዡ ብድርና የጎዳናው እሽቅድምድም

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብና ብድር ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር፤ ደባርቅ)

በዛሬው አጀንዳ አራተኛ ተራ ላይ የተያዘው ጉዳይ በየቡናውና በየዕድሩ ስትነጋገሩበት የሰነበታችሁት ነው። የአባሎቻችን ልጆች የሆኑ አምስት ወጣቶች ባጃጅና ሞተር ሳይክል የሚጠግኑበትና የሚያሻሽሉበት ጋራዥ ለመክፈት ብድር ጠይቀዋል። ዋስ የሚሆኗቸው እናቶቻቸው ናቸው። ይህ እኛው ጨርሰን የምናሳልፈው ጥያቄ ነበር። ወደ ጉባኤ ያመጣነው አብሮት አንድ ወሬ ስለመጣ ነው፤ ወሬውም እውነት ነው። ከጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ ማምሻውን መንገዱ ጭር ሲል ማርሚታው የተነቀለ ባጃጅና ሞተር አሰልፈው ይሽቀዳደማሉ። ድምፁን ያልሰማች እዚህ ውስጥ የለችም።

እኛ በኮሚቴው ያለን ሴቶች በዚህ ላይ ሁለት ሆነን ሰንብተናል። ገሚሶቻችን «በማኅበሩ ገንዘብ ሞት አንገዛም» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ልጁ ሙያ ይዞ ደጃችን ሲመጣ ከመለስነው ወዴት ይሂድ?» አልን። ሁለቱም አነጋገር እውነት አለው። ስለዚህ ቁጭ ብለን ሥራውን ከእሽቅድምድሙ ለይተን ለማየት ሞከርን።

ልጆቹ «ሆት ሮድ» የሚሉት ቃል ከአፋቸው አይጠፋም፤ በስልካቸው የሚያዩት እሱን ነው። ምንድን ነው ብለን ጠየቅን፣ አነበብን። ነገሩ የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች ያረጀ ፎርድ በርካሽ ይገዛሉ። የጭቃ መከላከያውን፣ ጣሪያውን፣ አንዳንዴም ኮፈኑን አውልቀው መኪናውን ያቀሉታል፤ ሞተሩን ፈተው ጉልበት ይጨምሩለታል። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1932 ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በተራ ሰው መኪና ላይ ገጥሞ ካወጣ ወዲህ ሥራው ገነነ። ፍጥነታቸውን የሚፈትኑት ውሃቸው በደረቀ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ነበር፤ ሙሮክ የሚባለው አንዱ ነው። ሜዳው ግን ከከተማ ሩቅ ነው። ሁሉም እዚያ ድረስ አይሄድም። ብዙው በከተማ ጎዳና ላይ፣ ከአንዱ የትራፊክ መብራት እስከ ሌላው ይሽቀዳደም ጀመር። ሰው ሞተ፣ ጋዜጣ ጮኸ፣ ፖሊስ አሳደደ፤ መኪና ማሻሻል ራሱ እንዲከለከል የጠየቀው ብዙ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1951 ዋሊ ፓርክስ የሚባል የ«ሆት ሮድ» መጽሔት አዘጋጅ አገር አቀፍ ማኅበር አቋቋመ። ሐሳቡ ልጆቹን ከጎዳናው አውጥቶ የተከለለ ቦታ መስጠት ነው። ለዚህም የአሮጌ አውሮፕላን ማረፊያና ባዶ የመኪና ማቆሚያ ዋለ። ርቀቱ 402 ሜትር ሆነ። መኪናው ሳይመረመር፣ ነጂው ሄልሜት ሳያደርግ አይሰለፍም። የመጀመሪያው ይፋዊ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1953 በፖሞና ከተማ ሲካሄድ የከተማዋ ፖሊስ አሳዳጅ መሆኑ ቀርቶ አጋዥ ሆኖ ነበር።

ለእኛ ለሴቶች ከዚህ ሁሉ ወሬ የሚጥመው የሸርሊ ማልዳውኒ ነገር ነው። ይህች ሴት በልጅነቷ በኒውዮርክ ግዛት፣ በስኬነክተዲ ከተማ ጎዳና ላይ ትሽቀዳደም ነበር። ኋላ ወደ ሜዳው ገብታ እጅግ ፈጣን በሆነው ዘርፍ ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1977፣ በ1980 እና በ1982 ወንዶቹን አሸንፋ ሻምፒዮን ሆናለች። በ1984 በደረሰባት አደጋ እግሮቿ ተሰባብረው ከስንት ቀዶ ሕክምና በኋላ እንደገና ነዳች። ታሪኳን ያነሳነው ሴት ልጆቻችን ይሽቀዳደሙ ለማለት አይደለም። ከአምስቱ ጠያቂዎች አንዷ ሴት ናት፤ አንዳንዶቻችሁ «ሴት ልጅ ደግሞ ከግራሶ ምን አላት?» ስትሉ ስለሰማን ነው።

ሜዳውም ቢሆን ሞትን አላስቀረም። እ.ኤ.አ. በ2008 ስኮት ካሊታ የተባለ ነጂ በውድድር ላይ ሞቶ፣ ለፈጣኖቹ ዓይነቶች ርቀቱ ወደ 305 ሜትር እንዲያጥር ተደርጓል። ልዩነቱ እዚያ የሚሞተው አውቆ የገባው ነው። ጎዳና ላይ ግን የሚሞተው ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ወይም ጭድ ተሸክማ የምትሻገር እናት ልትሆን ትችላለች።

አሁን ወደራሳችን እንምጣ። መኪና ፈትቶ ሌላ መኪና ማድረግ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የምንሳፈርበትን ቅጥቅጥ አውቶቡስ አስቡት። ከሥሩ ያለው የአይሱዙ የጭነት መኪና ነው፤ ወንበሩንና አካሉን ላሜራ ቀጥቅጠው፣ በየደው የሠሩት የአገራችን ባለሙያዎች ናቸው። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። በእኛ አካባቢ ግን ቀጥቃጭን መናቅ የቆየ ነውር ነው፤ ማረሻውን የሚሠራልንን ሰው በክፉ ስም ስንጠራ ኖረናል። እዚሁ ስሜን ውስጥ፣ ደረስጌ ማርያም በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩት ብረት የሚያቀልጥ እጅ ለአገር እንደሚያስፈልግ ስለገባቸው ነው። እንግዲህ ዛሬ ልጃችን እጁ በዘይት ጠቁሮ ሲገባ «አንተ ግን የቢሮ ሥራ አትፈልግም?» የምንለው የዚያ ንቀት ጭራፊ ይመስለናል።

ልጆቹ የሚያቀርቡት ሙያ ደግሞ ለደባርቅ በተለይ ይጠቅማል። ምክንያቱን ከመካከላቸው በቴክኒክና ሙያ የተማረው ልጅ አስረድቶናል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት። አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ይልቅ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ባለ ካርቡራተር ሞተር ለቆላ አየር ተስተካክሎ ከመጣ፣ እዚህ ሲደርስ አየሩ ያንሰዋል፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ የሚያወጣው፣ ካንዴላው የሚጠቁረው፣ ቤንዚን የሚፈጀውም ለዚህ ነው። ቤንዚን የሚያሳልፈውን ትንሿን ቀዳዳ ለከፍታው በሚስማማ መለወጥ፣ የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት፣ ፍሬኑን ማስተካከል፣ ይህ ሁሉ ማሻሻል ነው። ባጃጅ አስገብታ በቀን ገቢ የምትተዳደር አባላችን ቤንዚን መቆጠቧን በኪሷ ታየዋለች። ማርሚታ መንቀል ግን እንደዚያ አይደለም። ጩኸት ይጨምራል እንጂ ይህ ነው የሚባል ጉልበት አይጨምርም። ልጁም ይህንን አልካደም፤ «ድምፁ ደስ ስለሚል ነው» አለን። እንዲህ ፊት ለፊት መናገሩን ወደድንለት።

ባጃጅ ባለ ሦስት እግር ነው። ፊቱን የያዘው አንድ ጎማ ስለሆነ በፍጥነት ሲታጠፍ በቀላሉ ይገለበጣል። ሲሠራም ለፍጥነት አልታሰበም። ሲሊንደሩን አስፍተው ትልቅ ፒስተን ቢገጥሙለት ሞተሩ ይፈጥናል፤ ፍሬኑና ጎማው ግን የድሮዎቹ ናቸው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጂ ሰው አይቶ እስኪቆም ድረስ፣ ጥሩ ፍሬን ይዞ በደረቅ አስፋልት ላይ 15 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ60 ቢሄድ 30 ሜትር አይበቃውም፤ 45 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው መንገድ አራት እጥፍ ይሆናልና። በእኛ መንገድ ላይ 45 ሜትር ባዶ ሆኖ የሚገኘው መቼ ነው? ከጎንደር በዳባት አድርጎ የሚመጣው አስፋልት ከተማችን ሲገባ የአውቶቡስ መንገድ ብቻ አይደለም። በግ የሚነዳበት፣ ድንች የሚራገፍበት፣ ተማሪ የሚሰለፍበት፣ ከስሜን ተራሮች የሚመለስ ቱሪስት የሚዞርበት ነው። የሊማሊሞን ቁልቁለት አናነሳውም፤ እዚያ በከባድ ማርሽ ሳይሆን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ እንደሚከዳው ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሕዝባችን በፍጥነት የሚነዳውን አይሱዙ «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራኩን «ቀይ ሽብር» ብሎ የጠራው ለቀልድ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገልጿል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ከሞት ምክንያቶች ቀዳሚው ይኸው ነው። ዕድሜውን ልብ በሉት፤ የልጆቻችን ዕድሜ ነው።

ሥራችን ሂሳብ ነውና አንድ ስሌት እናስቀምጥ፤ ለምሳሌ ያህል ነው። 240 ሺህ ብር በ24 ወር የሚመለስ ብድር ብንሰጥ፣ ወለዱን ትተን በወር 10 ሺህ ብር ነው። በስድስተኛው ወር ዕቃው ቢወድም 60 ሺህ ተከፍሎ 180 ሺህ ይቀራል። ይህን የምትሸከመው ዋሷ ናት። እንጀራ ጋግራ፣ ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ ሴት 180 ሺህ ብር በስንት ዓመት ትከፍላለች? «መድን አለ» ትሉ ይሆናል። በአገራችን ሕግ መሠረት ማንኛውም ባለ ሞተር ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ይህ መድን ግን የተጎዳውን ሌላ ሰው ለመካስ የተደነገገ ነው፤ የነጂውን እግር አያስጠግንም፣ የተሰበረውን ባጃጅ አይተካም። ሊብሬውን በመያዣነት ይዘናል ብንል፣ ብረቱ ከተጨማደደ ወዲያ ሊብሬ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ብድሩ ይሰጥ፣ ለጋራዥ ብቻ ይሰጥ እንላለን። ገንዘቡ በእጅ አይወጣም፤ የብየዳ ማሽኑም ሆነ የመፍቻው ስብስብ በማኅበሩ ስም ተገዝቶ፣ ደረሰኙ እኛ ዘንድ ገብቶ፣ ዕዳው ሲያልቅ ለእነሱ ይዛወራል። ጋራዡ የገባለትን ተሽከርካሪ ሁሉ ፍሬን ሳያይ አይለቅም። ማርሚታ አይነቅልም። ከአምስቱ አንዱ በመንገድ ላይ ሲሽቀዳደም ቢገኝ ቀሪው ብድር በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ ይህንንም እናቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ልጆቹ ራሳቸው ይፈርማሉ። አንዱ ሲያጠፋ አምስቱም መጠየቃቸው ከበደ ላላችሁ፣ ያሰብነው አስበንበት ነው። የእናቱን ቁጣ የናቀ ልጅ የጓደኞቹን አይንቅም።

እሽቅድምድሙስ? ልጆቹ ሜዳ ይሰጠን ይላሉ። እኛ ለውድድር ብር አናበድርም፤ ሽልማትም አናዋጣም። ሜዳ ይሰጣቸው የሚል ደብዳቤ ለከተማው አስተዳደር ብንጽፍ ግን አናፍርበትም። አባቶቻችን ጉግስ ሲጫወቱ ሜዳ ነበራቸው፣ ጋሻ ነበራቸው፣ ተመልካቹም ዳር ቆሞ ነበር የሚያየው። በገበያ መሐል ፈረስ የጋለበ ጎበዝ አይባልም ነበር። ሜዳው እስኪገኝ ድረስ ግን እሽቅድምድም የለም፤ «እስኪገኝ እንዴት እንቆይ» የሚል ልጅ ካለ ብድሩም ይቆይለት።

ከመካከላችን አንዲት እህት እስከ መጨረሻው አልተስማማችም። የ19 ዓመት ልጅ በወረቀት አይታሰርም፤ የጋራዡ ቁልፍ እጁ ከገባ ማታ ማታ የሚሠራው ሌላ ነው ትላለች። ቃሏ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ ሰፍሯል፤ እንድናነብላችሁ ጠይቃን ነበር፣ እነሆ ነገርናችሁ። ለዚህ ስጋቷ ያገኘነው መልስ ከኮሚቴው ሁለት ሰው በየወሩ፣ ቀኑን ሳያስታውቅ፣ ጋራዡን ገብቶ እንዲያይ ማድረግ ነው። እሷ ይህም አይበቃም ብላለች።

አሁን ጥያቄና አስተያየት እንቀበላለን። ከዚያ በእጅ ማውጣት ሳይሆን በወረቀት ድምፅ እንሰጣለን። ዋስ ለመሆን የቀረቡት አምስቱ እናቶች ይናገራሉ እንጂ ድምፅ አይሰጡም፤ ይህንን ቀድመን ነግረናቸው ተስማምተዋል። ወረቀቱን የምታድለው ገንዘብ ያዧ ናት፤ ያልደረሳችሁ እጃችሁን አሳዩአት።