ወረቀቱና ደላላው

ከከሚሴ ተነስቶ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመግባት ሁለት መንገድ አለ። አንዱን የደዋ ጨፋም ሆነ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ወጣት ጠንቅቆ ያውቀዋል፦ በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን። ደላላው «ወረቀት አያስፈልግም» የሚለው ለዚህኛው ነው። የመን ላይ አጋቾች ወጣቱን ይዘው ቤተሰቡን ገንዘብ እንደሚያስልኩ ግን አይናገርም።

ሌላኛው መንገድ በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የተደነገገው ነው። ዕድሜ 18 መሙላት፣ በሙያው መሠልጠን፣ ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ መያዝን ይጠይቃል። ብዙ ሰው «ሲኦሲ» የሚለው ይኼው ነው።

ወጪውን ማን ይሸፍናል? እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡን፤ ብዙዎች የሚታለሉት እዚህ ነው። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት ምስክር ወረቀት፣ ለብቃት ማረጋገጫና ለመሳሰሉት ነው። ለቪዛ ክፈይ ያላት ካለ ሕግ ጥሷል።

አንድ ነገር ግን አልተሟላም። ሕጋዊው በር በአብዛኛው የተከፈተው ለቤት ሠራተኛ ሴቶች ነው። ብየዳ ወይም ግንበኝነት የተማረው ወንድ ተራ ሲጠብቅ ደላላው ይቀድመዋል። ሥልጠናው ብቻውን ጀልባውን አያስቀርም።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የሚልካችሁን ኤጀንሲ ፈቃድ በወረዳችሁ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት አጣሩ፤ የውላችሁን ቅጂም ለቤተሰብ ትታችሁ ሂዱ።